ከአሥር የጀመረ ልኬት

የካቲት 6

ይድረስ ለልጄ፤

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። መልሱ አምስት ቀን የዘገየው ያልገባኝን ነገር ቶሎ መመለስ ስለማልወድ ነው። ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፤ እኔም እንዳልሰማሁ አልፈዋለሁ።

ያልገባኝ ነገር ቦታው ነው። ጣሪያ ያለው የጨዋታ መንደር ትይኛለሽ። ዝናብ አያገኘውም፣ ነፋስ አይገባበትም፣ ባቡሩም በጣሪያው ሥር ነው የሚሮጠው። ሰው ልጫወት ብሎ ከቤቱ ወጥቶ መልሶ ቤት ውስጥ መግባቱ ምን የሚሉት ነው? እኔ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ በርና መስኮት የሠራሁት ሰው ወደ ውጭ እንዲያይ ነበር።

ቢሆንም እመጣለሁ። ከተማው ለእናንተም ለእኔም እኩል መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ማንም የማንንም ደጅ ጠናሁ አይልም። ባልሽ ባለፈው ቤታችሁ ስመጣ የመኝታ ቤቱን በር ከማጠፊያው በማውለቄ እንደተቀየመኝ አውቃለሁ። አራት ዓመት አለፈው። በሩ ግን አሁን ይዘጋል።

አንድ ነገር ከአሁኑ እወቂ። እኔ ምንም ነገር ላይ አልወጣም። ብሎኑን በእጄ ያላጠበቅሁት ነገር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ በስተርጅናም አልጀምርም። አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ቦርሳችሁን እጠብቃለሁ። የልጅ ልጄ ድንቢጧም ብትሆን እዚያ ባቡር ላይ ከመውጣቷ በፊት ብሎኑን ማን እንደሚያጠብቅ፣ በስንት ቀን አንዴ እንደሚያይ ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

ስልክ ለምን አላነሣም ላልሽው፣ በስልክ የተነገረ ቃል ቢጠፋ ተመልሶ አይገኝም። ፊደል በሠላሳ ዓመቴ ብቻዬን ከጋዜጣ ቁራጭ ላይ የለቀምኩት በከንቱ እንዳይሆን ነው። ጽሕፈቴ ለምን እንደተለቀም ጠይቀሻል። ወረቀት አለኝ፣ ቀለም አለኝ፤ ምን ብዬ አሳንሰው?

አባትሽ


የካቲት 21

ውድ አባባ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እመጣለሁ ማለትዎን ለድንቢጧ ሳነብላት ደብዳቤውን ከእጄ ነጥቃ ይዛ ሮጠች። እስካሁን አልመለሰችልኝም። ስለዚህ አንዱን ጥያቄዎን ዘልዬ ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ነው።

የብሎኑን ነገር ጠይቄያለሁ። የመንደሩ የጥገና ኃላፊ ስልኩን አንሥቶ ብሎኑን ማን እንደሚያጠብቅ ስጠይቀው፣ «እመቤት፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚደውሉት?» አለኝ። «ከአባቴ» አልኩት። ከሳቀ በኋላ በየማለዳው በሩ ሳይከፈት ራሱ እያንዳንዱን ፉርጎ እንደሚፈትሽ ነገረኝ። ሰውዬው ይመችዎታል፤ ሲናገር እንደ እርስዎ ነው፣ ከቃሉ አይቀንስም።

ባቡሩ በዘንዶ አምሳል የተሠራ ነው። በየፉርጎው ሁለት ሁለት ሰው ይይዛል፣ በጣሪያው ሥር እየተጠማዘዘ ዞሮ መጨረሻ ላይ ይወርዳል። ድንቢጧ ሥዕሉን ከአልጋዋ በላይ ለጥፋዋለች። ብቻውን ለሚሳፈር ልጅ መቶ ሃያ ሴንቲሜትር ቁመት ይጠይቃሉ። እርስዎ በሠርጌ ቀን በሰጡኝ ሜትር ለካኋት። መቶ ሃያ ሁለት ናት! ሁለት ሴንቲሜትር ተርፏታል። ስለዚህ ብቻዋን ትወጣለች። እኔ ጀርባዬን ትንሽ ስላመመኝ ከታች ሆኜ አያታለሁ። ባለቤቴን ያውቁታል፤ አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ሲወጣ እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል።

የቦታውን ደንብ የያዘ ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ደንብ ማንበብ እንደሚወዱ አውቃለሁ። ከድንቢጧም አንድ ነገር አለ። ምን እንደሆነ እንዳላይ ራሷ ናት ያሸገችው።

ቀኑ ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ ነው። እባክዎን እንዳይቀየር።

ልጅዎ


መጋቢት 2

ይድረስ ለልጄ፤

ለጥገና ኃላፊው አክብሮቴን ንገሪልኝ። የደንቡ ወረቀት ደርሶኛል። ጥሩ ወረቀት ነው።

ድንቢጧ ያሸገችው ነገር ክር ነው። ጫፍና ጫፉ ተቋጥሯል። ከእሱ ጋር ባለው ብጣሽ ወረቀት ላይ «አያቴ፣ ይኸ እኔ ነኝ። አንዱ ቋጠሮ ተረከዜ ነው፣ ሌላው አናቴ ነው። አባዬ ነው የያዘልኝ። እማዬ ግን መሬት ላይ አስተኝታ ነው የለካችኝ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች። እወድሃለሁ» የሚል ተጽፏል። ክሩን በሁለት እጄ ወጥሬ ስይዘው አንጀቴን በላችው። ካየኋት ወዲህ ይህን ያህል ማደጓን ያወቅሁት በክር ነው።

ነገር ግን ልጄ፣ አንድ የምጠይቅሽ አለ።

የእኔን የእንጨት ተጣጣፊ ሜትር ታስታውሺዋለሽ። በየሃያ ሴንቲሜትሩ መታጠፊያ አለው። መቶ ሃያ ማለት ድፍን ስድስት ክፋይ ነው። ክሩን በሜትሩ ላይ ዘረጋሁት። አምስት ክፋይ ሞላ፣ የስድስተኛውን ግማሽ ጥቂት እንዳለፈ አለቀ። እንደገና ዘረጋሁት። ከሌላው ጫፍ ጀምሬም ሞከርኩት። አራት ጊዜ ለክቻለሁ፣ አራት ጊዜም ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ አልደረሰም። ክር ሲወጠር ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

ልጅቷን መሬት ላይ እንደ ጣውላ አስተኝተሽ ስትለኪ፣ ሜትሩን ከየት ነው የጀመርሽው?

አባትሽ


መጋቢት 13

አባባ፤

ደብዳቤዎን ወጥ ቤት ቆሜ አነበብኩት።

ከአሥር ነው የጀመርኩት።

እርስዎ እንዳስተማሩኝ። «የሜትር ጫፍ ይላላል፣ ይበላል፣ ስለዚህ አይታመንም፤ ከአሥር ጀምረሽ መጨረሻ ላይ አሥሩን ቀንሺ» ይሉኝ ነበር። እጄ አልረሳም፣ ሳላስበው አሥር ቁጥር ላይ ጥፍሬን አሳርፌ ጀመርኩ። መቀነሱን ግን ረሳሁት። ሌላ እናት ብትሆን ከጫፉ ለክታ በትክክል ታገኘው ነበር። የአናጢ ልጅ በመሆኔ ነው የተሳሳትኩት።

ስለዚህ መቶ አሥራ ሁለት ናት። ስምንት ይጎድላታል።

አባባ፣ እለምንዎታለሁ፣ ለእሷ እንዳይጽፉላት። ለክፍሏ ልጆች በሙሉ ተናግራለች። መምህሯ ሳይቀሩ ያውቃሉ። ባለቤቴ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ እናድርግላት፣ ጸጉሯንም ከፍ አድርገን እንሠራው ይላል። ስምንት ሴንቲሜትር በጫማና በጸጉር እንደማይሞላ አውቃለሁ። ግን በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ምናልባት ደግ ይሆናል፤ ቅዳሜ ሰው ይበዛል፣ ላያስተውል ይችላል። እርስዎ ዝም ብቻ ይበሉልኝ። አንድ ቀን ብቻ ዝም ይበሉ።

ልጅዎ


መጋቢት 20

ይድረስ ለልጄ፤

አይሆንም።

ከአሥር መጀመሩ ጥፋት አይደለም። እኔም በጎልማሳነቴ መቀነስ ረስቼ ስድስት መስኮቶችን አሥር አሥር ሴንቲሜትር አስረዝሜ ቆርጫለሁ። ስህተቱን ካወቅሁ በኋላ ግን አንዱንም በመዶሻ እየደበደብኩ ግድግዳው ውስጥ አላስገባሁም። ልትሠሩ ያሰባችሁት ይህንኑ ነው። ልጅቷን ከጫማና ከጸጉር ጋር ቀጥቅጣችሁ ገና ባልበቃችበት በር ልታስገቡ ነው። ያ ቁጥር የተጻፈው ለክፋት አይደለም፤ አንድ ሰው የወንበሩን መያዣ ለክቶ ነው የጻፈው። በሩ ላይ የቆመው ሰውም ካላስተዋለ ደግ ሳይሆን እንቅልፋም ነው።

እዚያ ደርሳ ሰው ፊት ከምትመለስ፣ ዛሬ ቤቷ ሆና ትወቀው። ይነገራት።

አባትሽ


መጋቢት 27

አባባ፤

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ይኸኛውን ሳልቀድ እልከዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሰንሰለት የሚሽከረከረው ተዘዋዋሪ ዥዋዥዌ ሰፈራችን መጣ። የመወጣጫውን መድረክ የሠሩት እርስዎ ነበሩ፤ ባለቤቱም ሰው ጎድሎበት ያን ቀን በሩን እንዲጠብቁለት ለመነዎት። ሦስቱ ጓደኞቼ አንድ በአንድ አለፉ። የእኔ ተራ ሲደርስ እንደማንም ልጅ ምሰሶው ላይ ካለው የእርሳስ ምልክት ሥር አቆሙኝና «ሁለት ጣት ይጎድላል፤ ተመለሺ» አሉኝ። ድምፅዎን እንኳ ዝቅ አላደረጉትም። ወረፋውን ሁሉ በጎን አልፌ ወጣሁ። ሰው ሁሉ የእርስዎ ልጅ መሆኔን ያውቅ ነበር። እስከ ዛሬ ወረፋ ላይ መቆም አልወድም።

ድንቢጧ ያን እንዳታይ ነበር ልፋቴ። እርስዎ ግን አሁንም እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

የሚያዝያውን ቀን ሰርዘነዋል። ለእሷ አሞናል እላታለሁ። እርስዎም የአውቶቡስ መንገድ አይድከሙ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 4

ይድረስ ለልጄ፤

ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ብትቀጂውም አልቀየምሽም።

አስቀድሜ የዋሸሁትን ልናገር። የደንቡ ወረቀት ጥሩ ወረቀት ነው ያልኩሽ በእጄ ዳስሼው እንጂ አንብቤው አይደለም። ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በጭስ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነኝ። የአንቺን ጽሕፈት በማጉያ መነጽር እየታገልኩ አነባለሁ፤ የታተመ ነገር ግን ጉንዳን የሄደበት ይመስለኛል። ጽሕፈቴ የተለቀው ለዚህ ነው። የድንቢጧን ክርም የለካሁት በዓይኔ አይደለም፤ መታጠፊያዎቹን በጣቴ እየቆጠርኩ ነው። አራት ጊዜ የለካሁት ራሴን ስለተጠራጠርኩ ነበር።

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሦስት ቀን ከሥራ ጠረጴዛዬ አልተነሣሁም። በአራተኛው ቀን ጎረቤቴ ነርሷ የደም ግፊቴን ልትለካ ስትመጣ የደንቡን ወረቀት ሰጥቼ አንብቢልኝ አልኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ያን ቁጥር የጻፈውን ሰው ልወቅሰው ፈልጌ ይሆናል። ከላይ ጀምራ አነበበችልኝ። መቶ ሃያ የሚለው ጋ ስትደርስ በቃሽ ልላት ነበር። እሷ ግን ከሥሩ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ቀጠለች። «ቁመታቸው ከመቶ እስከ መቶ ሃያ የሆነ ልጆች አዋቂ አብሯቸው ከተቀመጠ መሳፈር ይችላሉ» ይላል።

ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ።

አንቺ ያን መስመር ያለፍሽው መቶ ሃያ ሁለት ናት ብለሽ ስላመንሽ ነው፤ አያስፈልግሽም ነበር። እኔ ያለፍኩት ዓይኔን በመደበቄ ነው። እኔ ብኮራ፣ አንቺ ብትቸኩዪ፣ በመካከላችን የልጅቷን ቀን ልንቀማት ነበር።

አብሯት ማን ይቀመጥ? ባልሽን እንተወው፤ እዚያ ላይ ዓይኑን ቢጨፍን ልጅቷ ናት እሱን የምትጠብቀው። አንቺም አትወጪም። ጀርባዬን አመመኝ ብለሻል። ልጄ፣ ጀርባው የታመመ ሰው ጠዋት ጠዋት አያስመልሰውም። ድንቢጧ ሳታውቅ ጽፋልኛለች፤ እስክትነግሪኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ። ከባድ ነገር አታንሺ፣ ወጥ ቤትም ቆመሽ ደብዳቤ አታንብቢ።

የሚቀረው አንድ ሰው ነው።

ስለ ዥዋዥዌው የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ሁለት ጣት ይጎድልሽ ነበር። ዛሬም ብትቆሚልኝ ሁለት ጣት ይጎድላል ነው የምልሽ። ግን ያን ዕለት ቤት ስገባ እናትሽ አንድ ነገር ተናግራኝ ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ እንደምታውቂያት አትጮህም ነበር። ውሃ እያቀረበችልኝ «ወንበሩ እኮ ለሁለት ሰው ነበር» አለችኝ። አብሬሽ መቀመጥ እችል ነበር። ባለቤቱን ለአንድ ዙር በሩን ያዝልኝ ብለው እምቢ አይለኝም ነበር። አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው፤ አሰብኩት። የሥራ ልብስ ለብሼ፣ ሰው እያየኝ፣ እግሬን አንጠልጥዬ ለመሽከርከር አፈርኩ። አንቺ ግን ሰው እያየሽ ብቻሽን ተመለስሽ።

ለዚህ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለልኬቱ አይደለም፣ ለወንበሩ።

ከዚህ ጋር ለድንቢጧ የጻፍኳት አንድ ገጽ አለ። መቶ አሥራ ሁለት መሆኗን፣ ብቻዋን መውጣት እንደማትችል፣ አንድ ሽማግሌ ግን አብሯት ለመቀመጥ ፈቃዷን እንደሚጠይቅ ይናገራል። አስቀድመሽ አንቺ አንብቢው። አይሰጣት ካልሽ አትስጫት፤ በዚህ እኔ አልከራከርሽም። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ ለማንም አልጻፍኩም።

የሚያዝያ 18ን የአውቶቡስ ትኬት አልመለስኩም።

አባትሽ


ሚያዝያ 9

አባባ፤

ድንቢጧ ገጹን አንብባ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች። ያለቀሰች መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየኋት። «በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የኔ ነው ወይስ የአያቴ?» አለችኝ። ባቡሩ መስኮት እንደሌለው ነገርኳት። «እንግዲያው በእኔ በኩል ያለው የኔ ነው» አለች።

ፈቅዳለች ማለት ነው።

እኔም ሲመጡ አቅፍዎታለሁ። የአውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ እንቆማለን፤ ባለቤቴ ረጅም ስለሆነ በቀላሉ ይለዩታል ልል ነበር። ይተዉት፤ እኛ እንለይዎታለን። እርስዎ ከአውቶቡሱ ወርደው ባሉበት ይቁሙ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 26

ይድረስ ለልጄ፤

በደህና ገብቻለሁ። አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ከየት እንደምመጣ ሲጠይቀኝ ከዘንዶ ላይ አልኩት። እስክወርድ ድረስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

እንደዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥያቄ አትጻፊልኝ። ማዞሩ ለቆኛል። ጉልበቴም ደህና ነው። ለዓይኔ ሐኪም ቀጠሮ ልያዝልዎት ያልሽውን ያዢ፤ ነርሷም ከአንቺ ጋር አብራብኛለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቤታችሁ ልከርም ብለሻል። ባልሽ ከፈቀደ እከርማለሁ። የሳሎኑ በር መሬቱን እንደሚፍቅ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ግብዣ አድርጌ ወስጄዋለሁ።

ከጥገና ኃላፊው ጋር ያን ያህል ጊዜ ምን እንዳወራን ጠይቀሻል። ብዙም አላወራንም። ዓይኔ እንደማያይ ስነግረው እጄን ይዞ የወንበራችንን መያዣ፣ ከዚያ ማጠፊያውን፣ ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አስዳሰሰኝ። አራት ናቸው። አራቱም ጠብቀዋል። «ይበቃዎታል?» አለኝ። ይበቃኛል አልኩት። እኔ በእጄ ባላጠብቀውም ያጠበቀውን እጅ ጨብጫለሁ።

በሩ ላይ የቆመው ሰው «ስምንት ይጎድላታል፤ ከአያቷ ጋር ግን ትለፍ» ሲል ከኋላችን ቆመሽ ሰምተሻል። ልጅቷ ከምልክቱ ሥር ስትቆም እጄን አለመልቀቋን ግን አይተሽ እንደሆነ አላውቅም።

ላይ ደርሰን ባቡሩ ከመውረዱ በፊት ሲቆም ምን ትለኝ እንደነበር ጠይቀሻል። ሁሉን ነገር ትነግረኝ ነበር። ጣሪያው መስታወት እንደሆነ፣ ብረቱ ላይ አቧራ እንዳለ፣ ከአንድ ልጅ እጅ ያመለጠ ቀይ ፊኛ ማእዘኑ ላይ ተጣብቆ እንደቀረ ነገረችኝ። ከዚያ አንቺን ፈለገች። ስታገኝሽ ሳቀች። «እማዬ ታች ናት» አለችኝ፤ «ከዚህ ስትታይ እኔን ታክላለች።»

የት ጋ ናት አልኳት። ክንዴን ይዛ አቅጣጫውን አስተካከለችልኝ።

ካላዩኝ ለማን ነበር እጅዎን ያውለበለቡት ላልሽው፣ መልሱ ይኸው ነው። ድንቢጧን የምታክል አንዲት ልጅ ከበሩ ውጭ ቆማለች ተብዬ ነው።

አዲሱ ሕፃን ሲወለድ ቁመቱን በክር ላኪልኝ። በሜትር ከለካሽው ግን አሥሩን ቀንሺ።

አባትሽ